ሥራ ያጣው ወጣት የሌለበት ስሌት

አንድ ዓመት ተጨማሪ መማር ደመወዝን በስንት ይጨምራል? ኢኮኖሜትሪክስ የጀመረ ተማሪ ቶሎ ከሚያገኛቸው ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት የጄፍሪ ዉልድሪጅ የኢኮኖሜትሪክስ መግቢያ መጽሐፍ ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች መልስ ይሰጣችኋል፦ በ8.3 በመቶ ገደማ። ቁጥሩ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ከተሰበሰበ የ526 ሠራተኞች መረጃ ነው።

መጽሐፉ ጥሩ ነው። ከምዕራፍ 1 ጀምሮ «ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይስ?» ብሎ መጠየቅ ያስለምዳችኋል። ማዳበሪያ ምርት ጨመረ ለማለት፣ ብዙ ማዳበሪያ ያገኘው ማሳ ድሮውንም ለም እንዳልነበር ማወቅ አለባችሁ። መፍትሔው ማዳበሪያውን ለየማሳው በዕጣ ማደል ነው። ይሄ ለማንም አርሶ አደር ግልጽ ነው።

ቅሬታዬ ደመወዙ ላይ ነው። መረጃው የያዘው ደመወዝ ያላቸውን ብቻ ነው። ሌላውን እንጨምር ብንል እንኳ ሞዴሉ በደመወዝ ሎጋሪዝም ስለሚሠራ አይሆንም፤ የዜሮ ሎጋሪዝም የለማ! እስቲ ይህንኑ ስሌት ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ለሚኖሩ ወጣቶች ሥሩት። ዲግሪዋን ይዛ ሥራ የምትፈልገው ልጅ አትቆጠርም። «ትምህርት ያዋጣል» የሚለውን ድምዳሜ የሚሰጡት የተቀጠሩት ብቻ ይሆናሉ። ዉልድሪጅ ችግሩን አልዘለለውም፤ ግን የምታገኙት ምዕራፍ 17 ላይ ነው። ለእኛ ይሄ መጀመሪያ መምጣት ያለበት ጉዳይ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ «ስሕተት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የመለኪያ መሣሪያ መዛባት ነው። በኢኮኖሜትሪክስ ግን ስሕተት በተባለው ክፍል ውስጥ የሰው ኑሮ አለ፦ የቤተሰብ አቅም፣ የቤት ኪራይ፣ የሚያውቁት ሰው። ከመሀል ከተማ ርቀው የሚኖሩ ወጣቶች ሥራ ለማግኘት ቢቸገሩ ምክንያቱ የታክሲ ወጪ ነው? ወይስ ድሮም አቅም ያነሰው ሰው ኪራይ ረከስ ወዳለበት ስለሚሄድ? ተራ ሪግሬሽን ሁለቱን አይለይላችሁም።

ዕጣ ግን ይለያል። ሳይመን ፍራንክሊን የተባለ ተመራማሪ እዚሁ አዲስ አበባ ከመሀል ከተማ ርቀው ከሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች መካከል ለአንዳንዶቹ በዕጣ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ገንዘቡ የደረሳቸው ሥራ ይበልጥ ፈለጉ፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ጨመረ። እሱና ባልደረቦቹ በ2021 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከ4 ዓመት በኋላ ሲታይ በገቢ ላይ ለውጥ ያመጣው የትራንስፖርት ድጎማው አልነበረም፤ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ ያስተማረውና የችሎታ ምስክር ወረቀት የሰጠው ሥልጠና ነበር።

እነዚህ ጥናቶች ከ526ቱ አሜሪካውያን ጎን ለጎን በመማሪያ ክፍል ቢቀርቡ ኖሮ፣ ተማሪው ቀመሩን ከመሸምደዱ በፊት የቀመሩን ጥቅም ባየ ነበር። እስከዚያው መጽሐፉን አትጣሉት። ምዕራፍ 2ን እንደጨረሳችሁ ግን ወደ ምዕራፍ 17 መጨረሻ ዝለሉ። ሒሳቡ ባይገባችሁም ግድ የለም፤ ማን ከመረጃው እንደቀረና ለምን እንደቀረ የሚያነሳውን ሐሳብ ብቻ ይዛችሁ ተመለሱ። ያኔ 8.3 በመቶ ስለ እነማን እንደሚናገር ይገባችኋል።