ዱላው የማይሰማበት የውቂያ ዘፈን

የማሽላ ውቂያ ዘፈን በቴሌቪዥን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ወጣቶች ባዶ ሜዳ ላይ ዱላ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። የሚሰማው ግን ኪቦርድና ከበሮ ነው፤ ዱላው ድምፅ የለውም። ምህንድስና ስለተማርኩ መሰለኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መሣሪያው ላይ ነው፤ እዚህ ደግሞ የጠፋው ዋናው መሣሪያ ነው።

እስቲ ወደ ሸዋ ሮቢት እንውረድ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የይፋት ቆላ፣ የማሽላ አገር ነው። ደቦ የወጡ ሰዎች አውድማው ላይ ፊት ለፊት ቆመው የማሽላውን ራስ በዱላ ሲወቁ አስቡ። ሁሉም በየፊናው ቢመታ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ጣትም ይሰብራል። አውጪው ሲያወጣ፣ ተቀባዮቹ ሲቀበሉ ግን እያንዳንዱ የሚመታበትን ቅጽበት አስቀድሞ ያውቀዋል። ዘፈኑ እኮ የሥራው አካል ነው!

ፍጥነቱንም አውጪው እንዳሻው አይመርጠውም። 1.5 ሜትር የሆነ ወጥ ዱላ ከአንድ ጫፉ አንጠልጥላችሁ ብትወዘውዙት ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሚወቃው ሰው ዱላውን በጡንቻው ስለሚነዳው ስሌቱ እንዳለ አይሠራለትም፤ ቢሆንም ረጅም ዱላ አይቸኩልም፣ ክንድም ይዝላል። የስቱዲዮው ምት ግን የሚመጣው ከማይደክም ኮምፒውተር ነው። ለጭፈራ ያምራል፣ አልቃወምም። "የሥራ ዘፈን" ሲባል ነው የማልስማማው። ግጥሙን ብቻ ለቅሞ ማተምም ያው ነው፤ ትርጉም የላትም ተብላ የምትዘለለው የተቀባዮቹ ድምፅ ዱላው የሚያርፍባት ልትሆን ትችላለች።

ሁሉም የሥራ ዘፈን በምት ይለካል ማለቴ አይደለም። መተማ በረሃ የዕጣን ዛፍ ልጣጭ በመንጋፍ እያነሳ ሙጫ የሚያወጣ ሠራተኛ ከዛፍ ዛፍ ሲዞር እጁን ከማንም እጅ ጋር ማስማማት የለበትም። የእሱን እንጉርጉሮ በደቦ ሚዛን መመዘን ስህተት ነው።

ጥሩ ቅጂ ምን ይመስላል ካላችሁ፣ አለን ሎማክስ እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ የቀዳውን የጄምስ ካርተርንና የእስረኛ ጓደኞቹን ዘፈን ስሙ። እንጨት እየቆረጡ ነው የሚዘፍኑት፤ ከድምፃቸው ሌላ ያለው መሣሪያ መጥረቢያው ብቻ ነው። ቅጂው በ2000 በወጣ ፊልም ውስጥ ገባ፤ የፊልሙ አልበምም በ2002 የግራሚን የዓመቱ አልበም ሽልማት ወሰደ። የእስረኛ ሥራና ደቦ አንድ አይደሉም፣ ይህን አትርሱ። መጥረቢያውን ያልቆረጠው ቀጂ ግን ሥራውን አውቆታል።

መውቂያ ማሽን ይምጣ፤ ለዘፈን ሲባል የማንም ወገብ አይጉበጥ። ማሽኑ ሲነሳ ግን ዱላው ይቆማል። ስለዚህ የይፋት ልጆች፣ አስፈቅዳችሁ ስልካችሁን ከአውድማው ዳር አስቀምጡት፤ ከመጀመሪያው ምት እስከ ዕረፍቱ አታቋርጡት። የዱላውን ርዝመትና የሰዎቹን ብዛት ጻፉ። ሳሉንም ሳቁንም አትቁረጡ።