ሳይሰብሩ መመርመር፦ ከሐርላ ዶቃ እስከ ድሬዳዋ ሐዲድ

ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ በተደረገና በ2017 (እ.ኤ.አ.) ይፋ በሆነ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድና የብርጭቆ ዶቃዎች ተገኝተዋል። ውስጡን ለማየት ብሎ ዶቃውን የሚሰብር የለም! የባቡር ከተማዋ የድሬዳዋ ሐዲድም እንደዚያው ነው፤ አልትራሳውንድ ይላካል፣ ስንጥቅ ካለ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል።

ይህን ሥራ የሚያስተምር አንድ ሥልጠና አይቼ ነበር። ቁልፉን ተጫን፣ ቁጥሩን ጻፍ፤ አለቀ። መለማመጃውም ስንጥቁ የት እንዳለ አስቀድሞ የተነገረበት ብረት ነው። ይሄ አይበቃም። ስንጥቁ ድምፁ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ የሚመለሰው ድምፅ በጣም ይደክማል። ስለዚህ ስክሪኑ ዝም አለ ማለት ብረቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ሠልጣኙ ቦታው ያልተነገረውን ስንጥቅ ይፈልግ፤ ካመለጠውም ለምን እንዳመለጠው ያስረዳ። ገንቦ የሚገዛ ሰው እንኳ ዙሪያውን አንኳኩቶ ነው የሚገዛው።