ኢዮቤልዩ እና ቀሪው ዕዳ፦ «ተስፋ አያሳፍርም» የተሰኘው ጳጳሳዊ ዐዋጅ በወንጌላዊ ዕይታ

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2024 ያወጡት ዐዋጅ ስሙን ያገኘው ከሮሜ 5፥5 ነው፤ «ተስፋ አያሳፍርም»። ዐዋጁ የ2025ን ቅዱስ ዓመት ያበሠረ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን በዓል በ1300 በቦኒፋስ 8ኛ ዘመን ጀምራ፣ ኋላ በየ25 ዓመቱ ታከብረዋለች። ጳጳሱ በዓመቱ አጋማሽ ሳይደርሱ ዐረፉ፤ በሩን ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 የዘጉት ተተኪያቸው ሊዮ 14ኛ ናቸው። በዓሉ ቢያልፍም ጥያቄው ለእኛ ለአገልጋዮችም ቀርቷል፤ የደከመ ሕዝብ ተስፋው የሚታደሰው በምንድን ነው?

አስቀድሞ በጎውን እንናገር። ዐዋጁ ተስፋን ከመልካም ምኞት ይለያል፤ ምንጩ የእግዚአብሔር ፍቅር እንደሆነ፣ በመከራም ውስጥ ከትዕግሥት ጋር እንደሚያድግ ያስተምራል። ተስፋው በሥራ እንዲታይም ይጠይቃል፦ የድሀ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ለእስረኞች ምሕረት እንዲደረግ፣ ለጦር መሣሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለተራቡት እንዲውል። ጳጳሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካን ቅዱስ በር ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፍተው፣ ከሁለት ቀን በኋላ በሮም ሬቢቢያ ወኅኒ ቤት ሌላ ቅዱስ በር ከፍተዋል። የውጭ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ ከአበዳሪዎች ጋር ስትደራደር በቆየች አገር የሚያገለግል መጋቢ ዘሌዋውያን 25ን ሲያነብ ይህን ድምፅ ሊንቅ አይችልም።

ችግሩ ያለው በቁጥር 23 ላይ፣ ኢንደልጀንስን በሚመለከተው ክፍል ነው። ከመተቸታችን በፊት ትምህርቱን በትክክል እንረዳው። በካቶሊክ አስተምህሮ ንስሐ የገባ ሰው በደሉ ይቅር ይባላል፤ ነገር ግን ኃጢአት ከኋላው የሚተወው ጊዜያዊ ቅጣት አለ፤ ይህም በዚህ ሕይወት ወይም ከሞት በኋላ ፐርጋቶሪ በሚባለው የመንጻት ስፍራ መጥራት አለበት። ኑዛዜ የገባ፣ ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ፣ ስለ ጳጳሱ ሐሳብ የጸለየ፣ መንፈሳዊ ጉዞ ወይም የምሕረት ሥራ የፈጸመ ምእመን ለራሱ ወይም ለሞቱት የዚህን ቅጣት ስርየት ያገኛል። የዛሬው ኢንደልጀንስ በገንዘብ አይሸጥም፤ ስለዚህ ሉተር በ1517 የተቃወመውን ሽያጭ ብቻ መጥቀስ በቂ መልስ አይሆንም።

መልሱ ኢዮቤልዩ ራሱ ውስጥ ነው። በዘሌዋውያን 25፥9 ቀንደ መለከቱ የሚነፋው በማስተሰረያ ቀን ነው፤ ስርየት ይቀድማል፣ ነጻነት ይከተላል። ወደ ርስቱ የሚመለሰው እስራኤላዊ ቀሪ ሒሳብ እንዲያወራርድ አይጠየቅም። ጳውሎስም ወደ ማያሳፍረው ተስፋ የሚደርሰው በሮሜ 5፥1 ላይ በእምነት ጸድቀን ከእግዚአብሔር ጋር ሰላም እንዳለን ከተናገረ በኋላ ነው። ዐዋጁ የሚደመድምበት የመልሕቅ ምሳሌ እንኳ በዕብራውያን 6 መሠረት ከመጋረጃው ውስጥ የገባ መልሕቅ ነው፤ ኢየሱስ ስለ እኛ ቀድሞ ገብቷልና።

ታዲያ ኃጢአት ጠባሳ አይተውም? ይተዋል። የተበላሸ ልማድ፣ የተሰበረ ትዳር፣ የተጎዳ ባልንጀራ አለ። እግዚአብሔርም ልጆቹን ይቀጣል። ነገር ግን በዕብራውያን 12 የምናየው የአባት ተግሣጽ ልጅን ያሳድጋል እንጂ ዕዳ አያስከፍልም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ፣ ይቅር የተባለው ሰው አሁንም ባለዕዳ ሆኖ ይኖራል።

ይህ ትችት ግን ወደ ሮም ብቻ የሚላክ አይደለም። በየአዲስ ዓመቱ በአንዳንድ መድረኮቻችን ዓመቱ የዚህ ወይም የዚያ በረከት ዓመት እንደሆነ ይታወጃል፤ በረከቱም ከኮንፈረንስ፣ ከተቀባ ዘይት ወይም «ዘር» ከሚባለው ስጦታ ጋር ይታሰራል። ጳጉሜን ስትደርስ ችግሩ ያልተፈታለት ምእመን የእምነቱን ጉድለት ሲቈጥር ይገኛል። እርሱም ያው ቀሪ ዕዳ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል። ከዚህም በላይ በእነዚህ ዐዋጆች ውስጥ እስረኛውና ባለዕዳው እምብዛም አይታወሱም፤ በዚህ ነገር የጳጳሱ ዐዋጅ ይወቅሰናል።

ጌታ በሉቃስ 4፥21 የተወደደችው ዓመት በእርሱ ዛሬ እንደ ተፈጸመች ተናግሯል። እንግዲህ የመጋቢ ሥራ አዲስ ዓመት ማወጅ ሳይሆን ይህን «ዛሬ» ሳይሸራርፍ መስበክ ነው፤ ሰብኮም ወደ ወኅኒ ቤቱ መሄድ። የምንሄደው ግን ስርየት ፍለጋ አይደለም፤ ስርየቱን የተቀበልን ስለሆንን ነው።