ለሁለቱም አንድ ሚዛን

ሰው ለአንድ ሹመት ሲታጭ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው «ይህ ሰው ለምን ተፈለገ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ሥራውን ይችለዋል ወይ?» የሚል ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የመራጩን ሐሳብና ጥቅም ይመለከታል፤ ሁለተኛው ግን የተመራጩን ችሎታ ይመለከታል። የታጨው ወንድ የሆነ እንደ ሆነ ሰዎች ሁለቱን ለይተው ይጠይቃሉ። ሴት የሆነች እንደ ሆነ ግን የመጀመሪያውን መልስ ወስደው ለሁለተኛው ያደርጉታል፤ «ሴት ስለ ሆነች ተፈለገች፤ እንግዲያውስ ሥራውን አትችልም» ይላሉ። ሌሎችም በተቃራኒው «ሴት ስለ ሆነች ተፈለገች፤ እንግዲያውስ ችሎታዋን አትመርምሩ» ይላሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገኖች መንቀፍ እወዳለሁ።

ለዚህ ነገር መልካም መመርመሪያ የሚሆነን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አመራረጥ ነው። የማነሣው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በዚያ አገር ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው አብሮት የሚወዳደረውን ምክትል ራሱ ያጫል፤ ፓርቲውም በጉባኤ ያጸድቅለታል፤ ሕዝቡም ለሁለቱ በአንድነት ድምፅ ይሰጣል። የምክትሉ የዘወትር ሥራ ብዙ አይደለም። የሴኔት ሰብሳቢ ነው፤ የሴናተሮቹም ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈል የራሱን ድምፅ ጨምሮ ነገሩን ይቈርጣል። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ የሞተ ወይም ሥልጣኑን የለቀቀ እንደ ሆነ አገሪቱን የሚረከበው እርሱ ነው። ይህም በወረቀት ላይ ተጽፎ የቀረ ነገር አይደለም። ከ1841 እስከ 1963 ባለው ዘመን ስምንት ፕሬዚዳንቶች በሥልጣን ላይ ሳሉ ሞተዋል፤ በ1974ም ሪቻርድ ኒክሰን ሥልጣናቸውን ለቀዋል። እንግዲህ ምክትሉ ዘጠኝ ጊዜ በዋናው ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሃሪ ትሩማንን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ትሩማን ምክትል ሆነው የማሉት በጃንዋሪ 20 ቀን 1945 ነው። በ82ኛው ቀን፣ ማለት በኤፕሪል 12፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሞቱ። ጦርነቱ በአውሮፓም በእስያም ገና አላለቀም ነበር፤ የአቶሚክ ቦምብ ምስጢር በሙሉ የተገለጠላቸውም ዋናውን ወንበር ከያዙ በኋላ ነው። ትሩማን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራቸውም። ነገር ግን ዐሥር ዓመት በሴኔት ሠርተዋል፤ የጦርነቱን ወጪ የሚመረምረውን ኮሚቴ መርተው በዚያ ተፈትነዋል። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ችሎታ ስንል በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ተረዳ። ችሎታ ማለት በሥራ የታየ፣ ሌላ ሰው ሊመሰክርለት የሚችል ነገር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በ1960 ጆን ኬኔዲ ሊንደን ጆንሰንን ያጩ ጊዜ ጆንሰን የቴክሳስ ሰው መሆናቸው ትልቅ ምክንያት ነበር፤ ኬኔዲ የሰሜን ሰው ስለ ሆኑ የደቡቡን ድምፅ ይፈልጉ ነበርና። በ2008ም ባራክ ኦባማ ጆ ባይደንን ሲያጩ የባይደን ዕድሜና በውጭ ጉዳይ የቈየ ልምድ የወጣቱን ዕጩ ጉድለት እንደሚሞላ ታስቦ ነው። የምክትል አመራረጥ ከጥንት ጀምሮ እንደዚህ ነው፤ አንዱ ያጣውን ሌላው ያመጣል። ጆንሰን ለትውልድ አገራቸው ሲባል ስለ ታጩ «እንግዲያውስ ሥራ አይችሉም» ብሎ የደመደመ አስተዋይ ሰው አልነበረም። የተፈለጉበት ምክንያት ለብቻው፣ በሴኔት የሠሩት ሥራ ለብቻው ተመዘነ። ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው።

በ1984 ግን ዋልተር ሞንዴል የኒው ዮርኳን ጀራልዲን ፌራሮን አጩ። ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ለዚህ ቦታ የታጨች የመጀመሪያይቱ ሴት እርሳቸው ናቸው። ሞንዴል የሴቶችን ድምፅ መፈለጋቸው የተሰወረ አልነበረም። ስለ ችሎታቸው የተጠየቀ እንደ ሆነ ደግሞ መልሱ በእጅ ነበረ፤ አስተማሪ ነበሩ፤ ማታ ማታ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ፤ በአቃቤ ሕግ ቢሮ ሠሩ፤ ከ1979 ጀምሮም በኮንግሬስ የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ። ይህ ልምድ በቂ ነው ወይስ አይበቃም ብሎ መከራከር የተገባ ነው። የባላቸው የንግድ ሒሳብ ይታይ መባሉም የተገባ ነበር፤ ሥልጣን የሚሻ ሰው የገንዘቡን ነገር መግለጥ አለበትና። እርሳቸውም በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው መልስ ሰጥተዋል።

ነገር ግን የተጠየቁት ይህን ብቻ አልነበረም። በሚሲሲፒ አንድ ሹም ኬክ መጋገር ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቋቸው። ፌራሮም እንደሚችሉ ነግረው፣ እርሳቸውስ ይችሉ እንደ ሆነ መልሰው ጠየቋቸው። በቴሌቪዥንም የኑክሌር መሣሪያን የማዘዝ ድፍረት ይኖራቸው እንደ ሆነ ተጠየቁ። በምክትሎቹ ክርክር ላይም ተወዳዳሪያቸው ጆርጅ ቡሽ የኢራንንና የሊባኖስን ጉዳይ ልዩነት ላስረዳዎት ሲሏቸው፣ ስለ ውጭ ጉዳይ እንደ ተማሪ ልታስተምሩኝ አይገባም የሚል መልስ ሰጡ። እኔ ዕድሜዬን በማስተማር የፈጀሁ ሰው ነኝና በጥያቄና በጥያቄ መካከል ያለውን ልዩነት ዐውቃለሁ። ተማሪው የሚያውቀውን ለመረዳት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ተማሪውን ለማሳነስ የሚጠየቅም ጥያቄ አለ። የኬኩ ጥያቄ ሁለተኛው ዓይነት ነው። መልሱ ምንም ቢሆን ስለ መንግሥት ሥራ የሚነግረን ነገር የለም።

ከፌራሮ በኋላ ከነዚያ ሁለት ፓርቲዎች ሌላ ሴት ለዚያ ቦታ እስክትታጭ ድረስ 24 ዓመት አለፈ። በኦገስት 29 ቀን 2008 ጆን ማኬይን የአላስካን አገረ ገዥ ሣራ ፔሊንን አጩ። ማኬይን በዚያው ቀን 72 ዓመት ሞላቸው። እንግዲህ «ነገ አንድ ነገር ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ከምን ጊዜም ይልቅ የሚከብድበት ቀን ነበር። ፔሊን አገረ ገዥ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ ከዚያ በፊት ዋሲላ የምትባል የትንሽ ከተማ ከንቲባ ነበሩ።

እዚህም ሁለት ዓይነት ጥያቄ ተነሣ። «አምስት ልጆች፣ ይልቁንም ያንን ሕፃን፣ ማን ያሳድግላቸዋል?» ተባለ። በዚያው ምርጫ ኦባማ የሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አባት ነበሩ፤ ይህን ጥያቄ ግን ወደ እርሳቸው የወሰደው ሰው አላየሁም። ይህ ሚዛኑን በአንድ ወገን መጫን ነው። ነገር ግን ኬቲ ኩሪክ የተባሉት ጋዜጠኛ የትኞቹን ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደሚያነቡ ሲጠይቋቸው ፔሊን የአንዱንም ስም ሳይጠሩ ቀሩ። ይህ ጥያቄ ከኬኩ ጥያቄ ጋር አይቈጠርም። አገር ለመምራት የተዘጋጀ ሰው ወንድም ይሁን ሴት ሊመልሰው የሚገባ ቀላል ጥያቄ ነው። ከደጋፊዎቻቸው አንዳንዶቹ ጥያቄው ሲበዛ «ይህ ሴትን መናቅ ነው» እያሉ ይከላከሉላቸው ነበር። እኔ ግን የናቃቸው ጠያቂው ሳይሆን ከመጠየቅ ሊጋርዳቸው የፈለገው ነው እላለሁ። ሰውን ከፈተና የምንጋርደው እንደሚወድቅ ስናስብ ነውና። ማኬይንም በ2018 ባወጡት መጽሐፍ ሴናተር ጆ ሊበርማንን ባለመምረጣቸው እንደሚጸጸቱ ጽፈዋል።

አሁን አንድ ንጽጽር አቀርባለሁ፤ የምለው ነገር ሁሉ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። በ1968 ሪቻርድ ኒክሰን ስፒሮ አግኒውን ምክትል አድርገው ሲያጩ አግኒው የሜሪላንድ አገረ ገዥ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ ልክ እንደ ፔሊን ማለት ነው። አግኒው ተመረጡ፤ በኦክቶበር 10 ቀን 1973 ግን በግብር ማጭበርበር ተከሰው ክሱን ሳይከራከሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ኒክሰን በቦታቸው ጄራልድ ፎርድን አቀረቡ። በነዚያ ሁለት ቀኖች ውስጥ «ወንድን ሞክረነዋል፤ አልሆነም፤ ዳግመኛ ወንድ እንምረጥ ወይስ ይቅርብን?» ብሎ የተጨነቀ ሰው አልነበረም። የአግኒው ጥፋት የአግኒው ብቻ ሆኖ ተቈጠረ፤ እውነትም የርሳቸው ብቻ ነበር። ሴት ስትታጭ ግን የአንዲቱ ድካም የሁሉም ሴቶች ድካም ሆኖ ይጻፋል። ፔሊን በአንድ ጥያቄ ሲሰናከሉ የተጠየቁት እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ከርሳቸው ጋር ምንም ሐሳብ የማይካፈሉ ሴቶች ሁሉ አብረው የተጠየቁ ያህል ሆነ። ስለዚህ ነው ሴትን ያለ ምርመራ መሾም ለሴቶች ውለታ የማይሆነው፤ ዕዳው በኋላ ለምትመጣው ይተርፋልና።

ነገሩ የታላላቅ አገሮች ብቻ እንዳይመስልህ ከትንሽ ቦታ ልጨምር። እኔ ካስተማርሁባቸው ትምህርት ቤቶች በአንደኛው ክፍሉ ሁሉ አለቃና ምክትል አለቃ ነበረው፤ አለቃው ወንድ፣ ምክትሏ ሴት መሆንዋ ልማድ ነበር። አንድ ዓመት አንዱ አለቃ ታሞ ቀረ። ከመምህራኑ አንዱ «ከሌላው ክፍል ጠንከር ያለ ወንድ ልጅ እናምጣ» አለ። ሌላው ደግሞ «ልጅቱ ደስ ይበላት፤ ባትችልም ዝም እንበላት» አለ። ርእሰ መምህሩ ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ የስም መጥሪያውን መዝገብ አስመጡ። መዝገቡን ሦስት ወር ሙሉ የያዘችው ያቺ ምክትል ነበረች። ገጹን አንድ በአንድ ገልጠው አዩና «ጉድለት የለበትም፤ ትቀጥል» አሉ። የመጀመሪያው መምህር ሴትነትዋን አየ፤ ሁለተኛውም ሴትነትዋን አየ፤ መዝገቡን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

በ2020 የሆነው ለዚህ አስተሳሰብ ሌላ ፈተና ነው። ጆ ባይደን በማርች ወር በክርክር ላይ ቆመው ምክትላቸው ሴት እንደምትሆን አስቀድመው ቃል ገቡ፤ በኦገስት 11ም ካማላ ሃሪስን አጩ። ባይደን ሴት ለመምረጥ መወሰናቸውን አልነቅፍም፤ ኬኔዲ የደቡብ ሰው እንደ ፈለጉ እርሳቸውም ሴት ቢፈልጉ ከልማዱ አልወጡም። የምነቅፈው ቅደም ተከተሉን ነው። ስሟ ሳይጠራ ጾታዋ ስለ ተጠራ፣ ስሟ ሲጠራ ብዙ ሰው ጾታዋን አስቀድሞ ሥራዋን አስከትሎ አነበበ። ሥራው ግን የሚያሳፍር አልነበረም፤ የሳን ፍራንሲስኮ ዋና አቃቤ ሕግ፣ ከ2011 እስከ 2017 የካሊፎርኒያ ዋና አቃቤ ሕግ፣ ከዚያም ሴናተር ነበሩ። በምክትልነታቸውም ዘመን በሴኔት እኩል የተከፈለውን ድምፅ 33 ጊዜ ቈርጠዋል፤ ይህን ያህል የቈረጠ ምክትል ከርሳቸው በፊት አልነበረም። በኖቬምበር 19 ቀን 2021ም ባይደን ለሕክምና ማደንዘዣ ሲወስዱ ለ85 ደቂቃ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ያዙ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንኳ በ2024 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ከተቃዋሚዎቻቸው አንዳንዶቹ ለጾታቸውና ለዘራቸው ሲባል የተቀመጡ ናቸው ይሏቸው ነበር። ፖሊሲያቸውን መንቀፍ፣ በሥራቸው ያጐደሉትን መቍጠር የመራጭ መብት ነው። በዚያም ምርጫ ተሸንፈዋል። ነገር ግን ሰውን ሥራው እያለ በተፈለገበት ምክንያት ብቻ መመዘን የተጻፈውን መዝገብ ሳይገልጡ መፍረድ ነው።

በአገራችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት አለ። ይህ ተረት እውቀቷን ይቀበላል፤ ፍጻሜውን ግን ይነሣታል። ስለዚህ ከሐሰት ይልቅ ግፍ ይበዛበታል። ዛሬ ደግሞ ይህን ተረት የጣሉ የመሰላቸው ሰዎች ሌላ ተረት ሊያወጡ ይቃጣቸዋል፤ «ሴት ከሆነች ባታውቅም ግድ የለም» የሚል። የፊተኛው ተረት ያወቀችውን ይጥላል፤ የኋለኛው ያላወቀችውን ያነሣል። በሁለቱም መካከል ሌሊት በኵራዝ ያጠናችው ልጅ ትረሳለች።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ በማኅበራችሁም ሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ ኋላም በአገር ጉዳይ ሰውን ለመምረጥ ስትቀመጡ ጥያቄዎቻችሁን የታጨው ማን እንደ ሆነ ከማወቃችሁ በፊት ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ ለወንዱም ለሴቲቱም ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ አቅርቡ። የትኛውም ጥያቄ ለአንዱ ሲቀርብ የሚያስቅ ከሆነ ለሌላውም አታቅርቡት። የተፈለገበትን ምክንያት ዕወቁ፤ ግን እርሱን የፍርዳችሁ መደምደሚያ አታድርጉት። ከሁሉም በላይ «ዋናው ነገ ቢወድቅ ይህ ሰው ከነገ ወዲያ ይቆማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንቺም የታጨሽ ልጅ ሆይ፤ የሚገባውን ጥያቄ በሴትነትሽ አትመልሺው፤ የማይገባውንም በትሕትና አትቀበይው። መዝገብሽን ይዘሽ ቅረቢ፤ ገልጦ የማያነብ ሰው ቢኖር ጉድለቱ የርሱ እንጂ ያንቺ አይደለም።