ሳይፈቱ መቁረጥ

የኤምፒስሪ ፋይል ሙሉውን ድምፅ አይዝም። በጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ዋና ተሳትፎ የተሠራው ይህ የማመቂያ ዘዴ ጆሮ የማይለየውን ድምፅ መርጦ ይጥላል፤ ከበሮ ሲመታ አጠገቡ ያለ ቀጭን ድምፅ ስለሚዋጥ፣ ቢቀርም አድማጭ አያጣውም ከሚል ስሌት ተነሥቶ። የሲዲ ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል፤ በ128 ኪሎቢት የታመቀው ከዚያ አንድ አሥራ አንደኛውን ያህል ቢይዝ ነው። የተጣለው ደግሞ አይመለስም።

ማጫወቱ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ አቅራቢያ በተማሪዎች ፕሮጀክትነት የተጀመረውና በ2001 ኮዱ ክፍት የሆነው ቪኤልሲ ያገኘውን ሁሉ ያጫውታል ማለት ይቻላል፤ ፋይሉም ሺህ ጊዜ ቢደመጥ አያረጅም።

ፋይሉ የሚጎዳው ሲታረም ነው። ዶሚኒክ ማዞኒና ሮጀር ዳነንበርግ በ1999 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ኦዳሲቲ የታመቀውን ፋይል ፈትቶ ሞገዱን ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል። መቁረጡም መቀጠሉም በተፈታው ድምፅ ላይ ነው፤ በመጨረሻ ኤክስፖርት ሲባል ፕሮግራሙ እንደገና ያምቃል፣ እንደገናም ይጥላል። ነገሩ ካሴት ከካሴት እንደማስገልበጥ ነው፤ አንዱ ግልባጭ ብዙም አይታወቅ ይሆናል፣ የግልባጭ ግልባጭ ግን ያስታውቃል። ስለዚህ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ቅጂውን ምንም በማይጥሉት በዌቭ ወይም በፍላክ ማስቀመጥ፣ ሥራው እስኪያልቅ የኦዳሲቲን ፕሮጀክት መያዝ፣ ኤምፒስሪውን አንዴ ብቻ ማውጣት ይበጀዋል። ማመቂያው ራሱ ሌም ይባላል። በ1998 የተጀመረ ነፃ ሥራ ነው፤ ስሙ ሲተነተን «የኤምፒስሪ ማመቂያ አይደለም» የሚል ቀልድ አለበት። በፓተንት ምክንያት ለዓመታት ተጠቃሚው ለብቻው እያወረደ ከኦዳሲቲ ጋር ያገናኘው ነበር፤ የኤምፒስሪ የፈቃድ ክፍያ የቀረው በ2017 ነው።

በእጅ ያለው ኤምፒስሪ ብቻ ሲሆንስ? ለዚህ ሳይፈቱ የሚቆርጡ መሣሪያዎች አሉ። ፋይሉ ፍሬም በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሰደረ ነው፤ አንዱ ፍሬም 1,152 ናሙና ይይዛል፣ በተለመደው በሰከንድ 44,100 ናሙና ፍጥነት 26 ሚሊሰከንድ ገደማ መሆኑ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ «ኮፒ» ሲባል፣ ኤምፒስሪዳይሬክትከት ደግሞ በመስኮት፣ ፍሬሞቹን እንዳሉ አንሥተው ያስቀምጣሉ። (ሁለተኛው በነፃ የሚገኝ እንጂ ነፃ ሶፍትዌር አይደለም፤ ኮዱ ክፍት አይደለም። «ነፃ» የሚለው ቃል ዋጋ የሌለውንም ባለ ነፃነቱንም ስለሚጠራ ሁለቱ ይምታታሉ።) መቀሱ ከፍሬም ድንበር ውጭ አያርፍም። ለንግግር 26 ሚሊሰከንድ ከበቂ በላይ ነው፤ የከበሮ ምት ደጋግሞ ለሚያያይዝ ሰው ግን ሻካራ ነው።

አንድ ወጥመድም አለ። ፍሬም ሁሉ ራሱን የቻለ አይደለም፤ መረጃው በከፊል ከእሱ በፊት ባሉት ፍሬሞች ትርፍ ቦታ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከመሃል ሲቆረጥ የመጀመሪያው ፍሬም እዚያ ያስቀመጠውን ያጣል፤ ማጫወቻውም ለቅጽበት ዝም ይላል ወይም ቋ ይላል። መድኃኒቱ ጸጥታ ባለበት፣ ተናጋሪው ትንፋሽ በሚወስድበት መቁረጥ ነው፤ ጉድለቱ እዚያ ቢፈጠርም አይሰማም።

ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግም መፍታት አያስፈልግም። ኤምፒስሪጌይን በየፍሬሙ ውስጥ የተጻፈውን የመጠን ቁጥር ብቻ ይለውጣል፤ እርምጃው 1.5 ዴሲቤል ነው፣ ከዚያ ያነሰ የለም። ሆኖም ድምፁ ስላልተነካ ቁጥሩን መመለስ ይቻላል።

የሚቀረው ስሙን መጻፍ ነው። በ1996 የወጣው የመጀመሪያው አይዲስሪ መለያ ከፋይሉ ጫፍ 128 ባይት ብቻ ይወስድ ነበር፤ ለርዕስ የተመደበው 30 ባይት ሲሆን ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ሁለተኛው ትውልድ ዩኒኮድ ይቀበላል፤ ስለዚህ የአማርኛ ርዕስና የዘፋኝ ስም የሚጻፈው በዚህኛው ነው። ፊደሉ ያልተጫነበት የቆየ የመኪና ማጫወቻ ግን ባዶ ሳጥን ይደረድራል፤ ለዚያ ሲባል የፋይሉን ስም በተራ ቁጥር፣ 01፣ 02 እያሉ መጀመር ይሻላል።