የባህር ወንበዴና ኒንጃ፦ ሁለቱም የሸሹት ፍልሚያ

«የባህር ወንበዴና ኒንጃ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?» የሚለው ሙግት የልጆች ጨዋታ ተብሎ መታለፉ ያስቆጫል። ክርክሩን ካደመቁት መካከል ሁለቱ የጃፓን የሥዕል ታሪኮች፣ የባህር ወንበዴዎቹ «ዋን ፒስ» እና የኒንጃው «ናሩቶ»፣ እ.አ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ጎን ለጎን ታትመዋል። በ2009 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተዋጊዎችን ከየዘመኑ እየመረጠ ሲያጋጥም ወንበዴውን ከአውሮፓ ፈረሰኛ፣ ኒንጃውን ከስፓርታ ወታደር ጋር አሰለፈ። ወንበዴው አሸነፈ፣ ኒንጃው ተሸነፈ፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ አልተገናኙም። ተከራካሪዎችም እስከ ዛሬ ሽጉጥን ከተወርዋሪ ኮከብ፣ መድፍን ከጭስ ጋር ሲመዝኑ ይውላሉ። ሁለቱ ሙያዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ አገር፣ ያውም በተቀራረቡ አውራጃዎች እንደኖሩ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ቦታው የዛሬው የጃፓን ሚዬ ግዛት ነው። በተራራ በተከበበችው ኢጋ ሁሉን የሚያዝ ብርቱ ገዥ አልነበረም፤ ትናንሽ ባለርስቶች በስምምነት ተሳስረው ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ዛሬ ኒንጃ የሚባሉት፣ በዘመናቸው ሺኖቢ ይባሉ የነበሩት ሰርጎ ገቦች የወጡት ከእነዚህ ቤቶችና ከአጎራባቿ ከኮካ ነው። እዚያው ሚዬ ውስጥ፣ በሺማ የባህር ዳርቻ፣ የኩኪ ቤተሰብ መርከብ ያዘምት ነበር። ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ በሴቶ የውስጥ ባህር ደሴቶች ላይ የሙራካሚ ሦስት ቤቶች ነገሡ። ፖርቱጋላዊው ሚስዮናዊ ሉዊስ ፍሮይስ በ1586 የኖሺማውን ሙራካሚ የጃፓን ታላቁ የባህር ወንበዴ ብሎ መዝግቦታል። ይህ «ወንበዴ» ግን ዋና ገቢው ቀረጥ ነበር። ክፍያውን የፈጸመ መርከብ የቤቱ ምልክት ያለበት ባንዲራ ይሰጠዋል፤ ባንዲራውን የሰቀለ ማንም ሳይነካው ያልፋል።

ክርክሩ መፈተሽ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሙራካሚዎች የሚጠቀሙት ነጋዴው ፈርቶ ሲከፍል እንጂ ሲዋጋ አይደለም። ሺኖቢም ቢሆን ድሉ የሚለካው በገደለው ሰው ብዛት ሳይሆን ወሬውን ይዞ በሕይወት በመመለሱ ነበር። ስለዚህ ደጋፊዎቻቸው የሚመኙላቸው የፊት ለፊት ግጥሚያ ሁለቱም በሙያቸው ሊሸሹት የሚጥሩት ነገር ነው። ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው «ማን ይበረታል?» መባሉ ቀርቶ «የማን ስውርነት፣ በየትኛው መሬት ላይ ይሠራል?» ሲባል ነው።

በዚህ መስፈርት የወንበዴው ድክመት በሌላ ባህር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በኅዳር 1718፣ በሰሜን ካሮላይና ኦክራኮክ ደሴት አጠገብ፣ የእንግሊዝ ባህር ኃይሉ ሌተናንት ሮበርት ሜይናርድ አብዛኞቹን ሰዎቹን ከመርከቡ ወለል በታች ደበቀ። ጥቁር ጢም የተባለው ኤድዋርድ ቲች መርከቧ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ስላየ ዘሎ ገባባት። የተደበቁት ግር ብለው ወጡ፤ ቲችም ተገደለ። ከሩቅ ማስፈራራት የለመደ ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው፣ ዓይኑን ያታለለ ደግሞ ያሸንፈዋል። ኒንጃውን የሚደግፍ ተከራካሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም።

የሰርጎ ገቡ ድክመት ደግሞ በ1638 ታየ። በጃፓን የሺማባራ ክርስቲያን ዓመፀኞች በሃራ ምሽግ ውስጥ ሲከበቡ የኮካ ሰዎች ተልከው ነበር። በሌሊት ገብተው ስንቅና ባንዲራ ቢሰርቁም የአካባቢውን አነጋገርና የክርስቲያኖቹን ቃላት ስላልተረዱ ተመሳስለው መቀመጥ አልቻሉም፤ በድንጋይ እየተወገሩ ወጡ። በሺዎች በተሞላ ምሽግ ያልተሳካ መመሳሰል፣ እያንዳንዱ መርከበኛ ባልንጀራውን በፊትና በድምፅ በሚያውቅበት መርከብ ላይ እንዴት ይሳካል? በባህር ላይ ሺኖቢው ሙያውን ያጣል።

በተራራው ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1579 የኃያሉ የጦር መሪ የኦዳ ኖቡናጋ ልጅ ኖቡካትሱ ኢጋን ለመያዝ ዘምቶ፣ መተላለፊያዎቹን በሚያውቁት የኢጋ ሰዎች ደፈጣ ክፉኛ ተመታ። የጥቁር ጢምም ሆነ የሙራካሚ ሠራዊት ያንን ዳገት ቢወጣ ዕጣው ያው በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ «ባህሩ ለወንበዴ፣ ተራራው ለኒንጃ» ብሎ ማቆም አይበቃም። በ1576 ከኖቡናጋ ባላጋራ ከሞሪ ቤት ጋር የቆሙት ሙራካሚዎች በኦሳካ አቅራቢያ በኪዙ ወንዝ አፍ የኖቡናጋን መርከቦች ባሩድ በተሞላ የሸክላ ቦምብ አቃጠሉ። ኖቡናጋ የመለሰው ከራሱ ወገን በነበረ የባህር ሰው ነው፤ በ1578 ኩኪ ዮሺታካ መድፍ የጫኑ ስድስት ግዙፍ መርከቦችን አሰልፎ የሞሪን ኃይል መለሰ። መርከቦቹ ብረት ለብሰው ነበር የሚለው የዘመኑ የአንድ መነኩሴ ማስታወሻ ሊቃውንትን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1581 ኢጋን ያጠፋውም ያው ኖቡናጋ ነው፦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጦር ከየአቅጣጫው አስገብቶ። በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወንበዴውም ኒንጃውም በአንድ ሰው እጅ ተረቱ። የረታቸው ስውርነት ሊቋቋመው ያልቻለው ገንዘብና የሰው ብዛት ነው። የሁለቱን ብልሃት እያደነቁ ይህን መዝለል ማዕከላዊ መንግሥት ትናንሽ ራስ ገዝ ማኅበረሰቦችን የዋጠበትን ታሪክ መሰረዝ ነው።

በ1588 ኖቡናጋን የተካው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የባህር ላይ ውንብድናን በአዋጅ ከለከለ። የኢጋ ሰዎች የኢዶ ቤተ መንግሥት ዘበኛ ሆኑ፤ የኩኪ ወራሾች ደግሞ በ1633 ባህር ወደሌላቸው ሳንዳና አያቤ ተዛወሩ።

ዛሬ ተከራካሪዎች የሚያውቋቸው ምስሎች የተሠሩት ከዚህ በኋላ ነው። የሺኖቢ ትልቁ መጽሐፍ «ባንሴንሹካይ» የተጠናቀረው በ1676፣ ኢጋ ከጠፋች ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ጥቁር ልብሱንም ያስለመዱት የቲያትር መድረክና የኋለኞቹ ሥዕሎች ናቸው። የወንበዴውንም መልክ በአብዛኛው የቀረጹት በ1724 ለንደን የታተመው የካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን መጽሐፍና በ1883 የወጣው «ትሬዠር አይላንድ» ናቸው። ሚዬ ዩኒቨርሲቲ ከ2017 ጀምሮ የኒንጃ ምርምር ማዕከል አለው፤ የሙራካሚዎች ቅርስም በኢማባሪ የራሱ ሙዚየም አለው። ጥናቱ ግን ተራራውንና ባህሩን በየፊናቸው ይዟቸዋል። ከ1576 እስከ 1588 ያሉት ዓመታት እንደ አንድ ታሪክ ቢጠኑ ሙግቱ ከጦር መሣሪያ ቆጠራ ይወጣና፣ ያለ ንጉሥ የኖሩት ሁለቱ ማኅበረሰቦች ያንን ያህል ዘመን እንዴት ጸንተው እንደቆዩ ወደመጠየቅ ይሸጋገራል።