«ካልኮሊቲክ» እና «የነሐስ ዘመን»፦ ስለ አንድ አተረጓጐም

«ካልኮሊቲክ» የተባለውን የቅድመ ታሪክ ዘመን «የነሐስ ዘመን» ብለው የሚተረጕሙ አሉ። ሰበብ አይታጣላቸውም፤ ለስያሜው መነሻ የሆነው የግሪኩ «ካልኮስ» ራሱ መዳብንም ነሐስንም ይጠራ ነበር፤ በእኛም ዘንድ «ናስ» በልማድ ሁለቱን ሳይለይ ኖሯል። ይሁን እንጂ አተረጓጐሙ በሙያዊ ቃልነት አይጸናም። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው (ቆርቆሮ ስንል ማዕድኑን እንጂ የቤት ክዳኑን አይደለም)፤ ካልኮሊቲክ ግን መዳብ ለመሣሪያ መዋል የጀመረበት፣ ድንጋዩም ገና ያልተተወበት ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በኢጣሊያ ወሰን አጠገብ ከበረዶ ውስጥ የተገኘው «ኤትሲ» የተባለው ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ገደማ የኖረ ነው። የመጥረቢያው ምላጭ ከሞላ ጐደል ንጹሕ መዳብ ነው፤ የጩቤው ስለት ግን ባልጩት ነው። መጥረቢያውን «የነሐስ» ያለ ተርጓሚ ባለቤቱን ከሺህ ዓመት ያላነሰ ወደ እኛ ያቀርበዋል፤ አንባቢውም ስሕተቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«የመዳብ ዘመን» ስሕተት የለበትም፤ ጩቤውን ግን ይረሳል። «የመዳብና የድንጋይ ዘመን» ቢባል ሁለት ዘመናት ያስመስላል። በግእዝ አገባብ «መዳበ ድንጋይ» ማለትም «የድንጋይ መዳብ» ተብሎ ይፈታል። ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ «የመዳብ-ድንጋይ ዘመን» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ጭረቱ ከወደቀ መዳብ ያለበት ድንጋይ ስለሚመስል አራሚዎች ሊጠብቁት ይገባል። ለተማሪዎች መጽሐፍ «የመዳብ ዘመን» ይበቃል፤ «ነሐስ» ግን ለተከታዩ ዘመን ይቀመጥ።